ከጎንደር ተነስቶ ቦሌ ላይ ለሚቀይር፦ በረራ ቢዘገይ የሚያዋጣው የትኛው አማራጭ ነው?

ከጎንደር ወደ ውጭ የሚወጣ መንገደኛ፣ ዱባይም ይሂድ ሪያድ፣ ቴል አቪቭም ይሂድ ዋሽንግተን፣ መጀመሪያ ቦሌን ማለፍ አለበት። ከአዘዞው አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ተነስቶ ቦሌ ለመድረስ አየር ላይ የሚጠፋው አንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ነው። ቀኑን የሚበላው ከዚያ በፊትና በኋላ ያለው ጥበቃ ነው። አዘዞ ላይ «አውሮፕላኑ ገና አልመጣም» ይባላል፤ ቦሌ ላይ ደግሞ ሻንጣ፣ ፍተሻ፣ ሰልፍ፣ እንደገና ፍተሻ።

ከታች የሚነጻጸሩት አማራጮች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ቲኬት ሲቆረጥ የሚመረጡና በረራው ከዘገየ በኋላ ካውንተር ላይ የሚመረጡ። ሁለቱ እኩል አይመዝኑም። ቲኬቱ ሲቆረጥ ነገሩ በደንብ ከታሰበበት ካውንተር ላይ ብዙ ክርክር አያስፈልግም። ጥቂት ብር ለማትረፍ ሁለት ቦታ የተቆረጠ ጉዞ ግን አንዴ ከተበላሸ በልመና አይጠገንም።

አዘዞ ላይ የሚጠበቀው አውሮፕላን የት ነው ያለው?

የጎንደርን መስመር በብዛት የሚሠራው ባለ ሁለት ፕሮፔለሩ ዳሽ 8 ኪው 400 ነው፤ አንዳንዴ ቦይንግ 737 ይመደባል። አውሮፕላኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚያድረው ቦሌ ነው። ጠዋት ከዚያ ተነስቶ አንዱን ከተማ ደርሶ ይመለሳል፣ ከዚያ ወደ ሌላው፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ሦስተኛው። ጠዋት የጠፋ 30 ደቂቃ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል፤ በየማረፊያው ትንሽ ትንሽ ይጨመርበታላ። የቀኑ የመጨረሻ በረራ ይህን ሁሉ ጠቅልሎ ይረከባል። ከበስተኋላው ሌላ በረራ ስለሌለም ከተሰረዘ የሚያዘው የነገው ነው።

ስለዚህ ጎንደር ላይ «ስንት ሰዓት ይዘገያል?» ከማለት «ከቦሌ ተነስቷል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ስሌቱ ቀላል ነው። ከቦሌ ጎንደር 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ገደማ፤ አዘዞ ላይ አውርዶ፣ ጭኖ፣ በር ዘግቶ ለመንቀሳቀስ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ። አውሮፕላኑ በዚህ ሰዓት ቦሌ ላይ ቆሞ ከሆነ ከ1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ በፊት ከአዘዞ አይነሱም፤ ሰሌዳው ምንም ይበል ምን። ኢንተርኔት ካለ ፍላይትራዳር24 የሚባለው የስልክ መተግበሪያ አውሮፕላኑ የት እንደደረሰ ያሳያል። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ለመብሰልሰል አይደለም፤ ቀጣዩ በረራ እንደሚያመልጥ ከሌላው መንገደኛ አንድ ሰዓት ቀድመው ካወቁ፣ ለነገ የቀሩትን ጥቂት መቀመጫዎች ከሌላው ቀድመው ይጠይቃሉ።

ቦሌ እ.ኤ.አ. በ2019 ተስፋፍቶ በዓመት 22 ሚሊዮን ያህል መንገደኛ እንዲያስተናግድ ሆኗል፤ ከሰፋ በኋላም ግን ሥራው በዙር ነው። ጠዋት ከአውሮፓ፣ ከአሜሪካና ከእስያ የመጡት ያርፋሉ፣ ወደ አፍሪካ ከተሞች የሚሄዱት ይነሳሉ። ምሽት ላይ ከአፍሪካ የተመለሱት ገብተው፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት አለፍ ብሎ ወደ አውሮፓ፣ መካከለኛው ምሥራቅ፣ እስያና አሜሪካ ይወጣል። በእነዚህ ሁለት ዙሮች የሚደርስ የአገር ውስጥ በረራ አየር ላይ ዞሮ ተራ ሊጠብቅ ይችላል፤ ካረፈም በኋላ አውቶቡስ ይጠብቃል። በመካከሉ፣ ከቀኑ 6 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ግቢው ፋታ ያገኛል።

የክረምቱ ነገር ለብቻው ይታያል። ከሐምሌ እስከ መስከረም ጠዋት ጠዋት ቦሌ ላይ ጭጋግ ይተኛል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነጎድጓዳማ ደመና ይነሳል። «እንግዲያው የጠዋቱም የማታውም አይሆንም?» ለሚል መልሱ አሁንም የጠዋቱ ነው። ጭጋግ ረፋዱ ላይ ይገፈፋል፤ ሁለት ሰዓት ቢያስጠብቅም ከኋላው ሙሉ ቀን አለ። የማታው ማዕበል ካስቆመ ግን ቀኑ አልቋል።

አንድ ቲኬት ወይስ ሁለት?

አንደኛው አማራጭ ከጎንደር እስከ መጨረሻው መድረሻ በአንድ ቲኬት መቁረጥ ነው። ሁለተኛው ጎንደር–አዲስ አበባን ለብቻ፣ ከቦሌ ወደ ውጭ ያለውን ደግሞ ለብቻ፣ ብዙ ጊዜም ከሌላ አየር መንገድ መግዛት ነው። ሁለተኛው አንዳንዴ ይረክሳል። ኤጀንሲዎችም ርካሹን ስለሚያሳዩ መንገደኛው ሁለት ቲኬት መያዙን ሳያውቅ አዘዞ ይደርሳል።

ልዩነቱ ሲዘገይ ይታያል። በአንድ ቲኬት ከሄዱ የጎንደሩ በረራ ዘግይቶ ቀጣዩ ቢያመልጥ፣ እስከ መድረሻዎ የማድረስ ግዴታው የአየር መንገዱ ነው፤ ያለ ተጨማሪ ክፍያ በሚቀጥለው በረራ ይመድብዎታል። ማደር ካስፈለገ ሆቴልና ምግብ የሚጠይቁት ከዚያው ነው። በሁለት ቲኬት ከሄዱ ሁለተኛው አየር መንገድ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መንገደኛው አልመጣም። «ኖ ሾው» ብሎ ይመዘግባል። ርካሽ ከሆነው የቲኬት ዓይነት ላይ ደግሞ የሚመለስ ገንዘብ ላይኖር ይችላል፣ የቀን ለውጥ ቅጣትና የዋጋ ልዩነትም አለ። ጎንደር ላይ ጭጋግ ነበር ብሎ ማስረዳት እዚያ ካውንተር ላይ ሚዛን የለውም።

የያዙት የትኛውን እንደሆነ ለማወቅ የጉዞ ሰነዱን ይዩ። ባለ 6 ሆሄና ቁጥሩ የቦታ ማስያዣ ኮድ (ፒ.ኤን.አር) አንድ ሆኖ፣ ሥሩ ጎንደር–አዲስ አበባና አዲስ አበባ–መድረሻ አብረው ከተዘረዘሩና የቲኬት ቁጥሩም አንድ ከሆነ አንድ ቲኬት ነው። በኢትዮጵያ አየር መንገድ የተቆረጠ የቲኬት ቁጥር በ071 ይጀምራል፤ ጠቅላላው 13 አኃዝ ነው። ሁለት የተለያዩ ኮዶችና ሁለት የቲኬት ቁጥሮች ካዩ ሁለት ጉዞ ነው የገዙት፤ ኤጀንሲው በአንድ ወረቀት አትሞ ቢሰጥዎትም።

አንድ ቲኬትም የራሱ ጠንቅ አለው፤ ብዙ ሰው የሚወድቅበት እዚህ ነው። የመጀመሪያውን በረራ ሳያሳውቁ ከተዉት የቀረው ሁሉ ይሰረዛል። ለምሳሌ ዘመድ መኪና አግኝቼ ልሂድ ብሎ፣ ወይም የአዘዞው ዘገየ ብሎ ባሕር ዳር ሄዶ ሌላ ቲኬት የገዛ ሰው ቦሌ ሲደርስ የዋሽንግተኑ ቦታ የለም ይባላል። መንገድ ለመቀየር ካሰቡ የመጀመሪያው በረራ ከመነሳቱ በፊት ቲኬት ቢሮ ወይም የጥሪ ማዕከል ደውለው ያስለውጡ። ማስለወጡም በማረጋገጫ ይደገፍ፤ የተስተካከለውን የጉዞ ሰነድ በኢሜይል ወይም በስልክ እንዲልኩልዎ ይጠይቁ።

ያው ቀን ወይስ ቀድሞ ማደር?

በምሳሌ እንየው። የውጩ በረራ ከምሽቱ 4፡50 ነው እንበል፤ ቲኬቱ ላይ 22፡50 ይላል። ከጎንደር የሚነሱት ከቀኑ 11 ሰዓት። ወረቀት ላይ 12፡10 ያርፋሉ፤ አራት ሰዓት ከ40 ደቂቃ አለ፤ ሰፊ ይመስላል።

አሁን በረራው 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይዘግይ። ከአዘዞ የተነሱት 1፡45፣ ቦሌ ያረፉት 2፡55 ነው። ሁለት ቲኬት የያዘው ሰው ሻንጣውን እስኪያገኝ 3፡20 ይሆናል። ከአገር ውስጡ ተርሚናል 1 ወደ ዓለም አቀፉ ተርሚናል 2 ሻንጣ እየጎተተ 10 ደቂቃ ይሄዳል። የተርሚናሉ በር ላይ የመጀመሪያው ፍተሻ አለ፤ ቀበቶ፣ ጫማ፣ ሻንጣ ሁሉ በማሽን። በምሽቱ ዙር እዚህ 20 ደቂቃ መቆም ብርቅ አይደለም። ካውንተሩ ሲደርስ 3፡50 ሆኗል፤ የዓለም አቀፍ ቼክ ኢን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከመነሻው 60 ደቂቃ ቀድሞ ይዘጋል። አውሮፕላኑ ገና ግቢው ውስጥ ቆሞ ሰውየው ግን ቀርቷል።

አንድ ቲኬት የያዘው ሌላው መንገደኛ ከዚያው አውሮፕላን አብሮ ወርዷል። ሻንጣው በራሱ ያልፋል፣ ሁለቱንም ቦርዲንግ ፓስ አዘዞ ላይ ተቀብሏል። 3፡25 በሩን አልፏል፣ 3፡50 ኢሚግሬሽንን ጨርሷል፣ ከቀጣዩ ፍተሻ ወጥቶ 4፡10 መሳፈሪያው በር ላይ ቆሟል። ላብ በላብ ሆኖም ቢሆን ይሄዳል።

ከዚህ ስሌት የምንወስደው ልክ ይህ ነው። በአንድ ቲኬት ለሚሄድ በሁለቱ በረራዎች መካከል ቢያንስ 4 ሰዓት ይኑር፤ ከጎንደር የሚነሱትም ከቀኑ የመጨረሻው በፊት ባለው በረራ ይሁን፤ ያኔ አንዱ ቢሰረዝ ሌላ አለ። በሁለት ቲኬት ለሚሄድ ያው ቀን የሚባል አማራጭ የለም፤ ከአንድ ቀን በፊት ገብቶ ማደር ብቻ ነው። የሆቴሉን ዋጋ የሁለቱ ቲኬቶች ዋጋ ላይ ደምረው ከአንዱ ቲኬት ጋር ያወዳድሩት። ብዙ ጊዜ «ርካሹ» እዚህ ላይ ርካሽነቱ ያበቃል።

ለማደር ዘመድ ቤት ነፃ ነው፣ ቡናውም አለ። ነገር ግን ዘመድዎ የሚኖረው አያት ወይም ጀሞ ሰፈር ከሆነና በረራዎ በምሽቱ ዙር ከሆነ፣ ከቤት የሚወጡት ከተማው ሁሉ ከሥራ በሚመለስበት ሰዓት ነው፤ ከጀሞ ቦሌ አንድ ሰዓት ተኩል ሊፈጅ ይችላል። ለጠዋት በረራ ዘመድ ቤት፣ ለምሽት በረራ ደግሞ ቢያንስ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ወደ ቦሌ መጠጋት። ሆቴል ከፈለጉ ከቦሌ መድኃኔዓለም፣ ከሩዋንዳ ወይም ከወሎ ሰፈር ወዲያ አይራቁ።

ሰዓቱን በተመለከተ አንድ ነገር፤ ከመዘግየት ያልተናነሰ ሰው ያስቀራልና። ቲኬት ላይ ቀኑ የሚቀየረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። «ጃንዋሪ 25፣ 00፡30» የሚል ቲኬት በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6፡30 ነው፤ ቦሌ መገኘት ያለብዎት ግን ጃንዋሪ 24 ማታ ነው። በ25 ማታ ሻንጣ ይዞ የሚመጣ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሆኖታል። ለእናትና ለአባት ቲኬት የሚልኩ የውጭ አገር ልጆች ቀኑንና ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር በአማርኛ ጽፈው ቢልኩ ይህ ጣጣ አይመጣም።

ጥምቀት ሲቃረብ ይህ ሁሉ ምክር በእጥፍ ይታሰብ። በጥር ወር ከ8 ጀምሮ ወደ ጎንደር፣ ከ12 በኋላ ደግሞ ከጎንደር የሚወጣው ሰው መቀመጫውን ቀድሞ ይዞታል። በሌላ ጊዜ ያመለጠ በረራ ለነገ ይተካል፤ በዚያ ሳምንት ግን ነገም ሞልቷል፣ ከነገ ወዲያም ሊሞላ ይችላል። ከበዓሉ በኋላ ወዲያው ወደ ውጭ የሚመለስ ሰው ከቦሌ በረራው ሁለት ቀን ቀድሞ ከጎንደር ቢወጣ አያስወቅሰውም።

ባሕር ዳር፣ ወይስ በመኪና?

ጎንደር ሲዘጋ ቀድሞ የሚታሰበው ባሕር ዳር ነው። በማክሰኝት፣ በአዲስ ዘመንና በወረታ በኩል 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ ሰላም ከሆነ 3 ሰዓት። ከባሕር ዳር የሚነሳው በረራም ከጎንደሩ ይበዛል። ስለዚህ የጠዋቱ በረራ ረፋድ ላይ ከተሰረዘ፣ የውጩ በረራ ሌሊት ከሆነ፣ ባሕር ዳር ላይ መቀመጫ መኖሩ ከተረጋገጠና ቲኬቱ በአየር መንገዱ ከተለወጠ ያስኬዳል። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ግን ይተዉት። በተለይ የመንገዱን ሁኔታ ዕለቱን የተጓዘ ሾፌር ይጠይቁ፤ የትናንት ወሬ ለዛሬ አይሆንም። መንገድ ላይ የሚጠብቅ ፍተሻም 3 ሰዓቱን 5 ያደርገዋል።

እስከ አዲስ አበባ በመኪና መሄድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ የአባይ በረሃን ቁልቁለትና ዳገት ጨምሮ። ዘግይቶብኛል ብሎ ወደዚህ የሚሄድ ሰው የተወሰነ የአውሮፕላን መዘግየትን በማይታወቅ የመንገድ መዘግየት መለወጡ ነው። ለበረራ መድረሻነት አንመክረውም።

በረራው ዘግይቷል፤ አሁንስ?

አዘዞ ላይ ሳሉ ሦስት ነገር ይጠይቁ፣ በዚህ ቅደም ተከተል፦
1. አውሮፕላኑ ከቦሌ ተነስቷል?
2. ቀጣዩ በረራዬ ካመለጠኝ ለየትኛው ተመድቤያለሁ?
3. መዘግየቱን የሚገልጽ ወረቀት ትሰጡኛላችሁ?

ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይንቀዋል። ለቪዛ፣ ለአሠሪ፣ ለኢንሹራንስና ለካሳ የሚጠየቀው ግን እሱ ነው። በዕለቱ ካውንተር ላይ በሁለት መስመር የሚጻፍ ወረቀት ከወር በኋላ በደብዳቤ የሚለመን ይሆናል።

ከጎንደር ሳይነሱ የውጩ በረራ እንደማይደረስ ከተረጋገጠ ሌላ ምርጫ ይመጣል፤ ቦሌ ሄዶ ማደር ወይስ ጎንደር አድሮ በጠዋቱ መሄድ? ቤትዎ ቀበሌ 18 ሆኖ ሳለ ማደሩ ያጓጓል። ሆኖም መሄዱ ይሻላል፤ ምክንያቱም ነገም ጠዋት ያው አውሮፕላን ከቦሌ መምጣት አለበት። አንዴ ቦሌ ከደረሱ ከሁለቱ የመዘግየት ዕድሎች አንዱን አስወግደዋል። ከዚህ የሚለየው ሕፃን ወይም ታማሚ የያዘ ሰውና በሁለት ቲኬት የሚሄድ፣ አዲስ አበባ ማደሪያ የሌለው ሰው ነው።

ቦሌ ላይ በረራ ካመለጠ ወይም ከተሰረዘ ሰው ሁሉ ወደ አንድ ካውንተር ይሮጣል። እርስዎም ይሰለፉ፣ ግን ተሰልፈው ሳሉ የጥሪ ማዕከሉን ይደውሉ፤ የሚያዩት መቀመጫ ካውንተሩ ከሚያየው ጋር አንድ ነው። ከመደወልዎ በፊት የቦታ ማስያዣ ኮዱን፣ የፓስፖርት ቁጥሩንና የሚፈልጉትን አማራጭ ወረቀት ላይ ይጻፉ። «ምን ታደርጉልኛላችሁ?» ከሚል መንገደኛ «የነገ ማታው ላይ ቦታ ካለ እሱን፣ ከሌለ ከነገ ወዲያ» የሚለው ቶሎ ይስተናገዳል።

ከሚቀርቡልዎ መካከል የነገውን ተመሳሳይ በረራ መጠበቅ በብዛት ይሻላል፤ ሻንጣም ቪዛም አይነካም። በሌላ ከተማ በኩል መዞር ፈጣን ይመስላል፣ ግን ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ወጥመድ አለው። ወደ ሸንገን አገሮች (በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) የአውሮፕላን ማረፊያ፣ ለምሳሌ ፍራንክፈርት፣ ገብቶ ከግቢው ሳይወጣ አውሮፕላን ለመቀየር እንኳ ኢትዮጵያዊ የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ያስፈልገዋል። የአሜሪካ ወይም የካናዳ ቪዛ፣ ወይም የሸንገን መኖሪያ ፈቃድ የያዘ ሰው ነፃ ይሆናል። ለንደን ላይም የትራንዚት ቪዛ ግዴታ አለ፣ የራሱ ነፃ የሚያደርጉ ሁኔታዎችም አሉት። አማራጭ ሲቀርብልዎ «በየት በኩል?» ብለው ይጠይቁ፤ ቪዛ የሚጠይቅ ከሆነ ገና ከካውንተሩ ሳይርቁ «በዚህ መሄድ አልችልም» ይበሉ። አንዴ ተቀብለው ሌላ በር ላይ ከተከለከሉ ጥፋቱ ወደ እርስዎ ይዞራል።

ገንዘብ ማስመለስ (ሪፈንድ) የሚያዋጣው ጉዞው ትርጉም ሲያጣ ብቻ ነው፤ ሠርጉ አልፏል፣ ስብሰባው ተበትኗል። ሪፈንድ ከጠየቁ በኋላ አየር መንገዱ የማድረስ፣ የማሳደርና የማብላት ኃላፊነቱ ያበቃል፤ በዚያው ቀን የሚገዙት አዲስ ቲኬት ደግሞ ከድሮው ዋጋ በላይ ይሆናል። ቲኬቱን ከኤጀንሲ ከገዙ ገንዘቡ የሚመለሰው በብዛት በኤጀንሲው በኩል ስለሆነ የከፈሉበት ደረሰኝ አይጥፋ።

የቪዛ ቀንን የሚመለከት ጉዳይ ካለ ከሁሉ በፊት እሱን ያንሱ። በዲቪ ወይም በቤተሰብ የኢሚግራንት ቪዛ የሚሄድ ሰው ቪዛው ላይ ከታተመው ቀን በፊት አሜሪካ መግባት አለበት፤ ሁለት ቀን የቀረው ሰው ከሌላው መንገደኛ እኩል ሊጠብቅ አይችልም። ቪዛውን ገልጠው ቀኑን ለሠራተኛው በጣት ያሳዩ።

ካሳ፦ የትኛው ሕግ ለየትኛው ቲኬት?

እዚህም የአንድ ቲኬትና የሁለት ቲኬት ልዩነት ይመጣል። ኢትዮጵያ የአየር መንገዶችን ኃላፊነት የሚወስነው የሞንትሪያል ስምምነት አባል ናት። ስምምነቱ የሚሠራው ለዓለም አቀፍ ጉዞ ሲሆን፣ ጎንደር–አዲስ አበባ–ዱባይ በአንድ ውል ከተቆረጠ ጉዞው በሙሉ አንድ ዓለም አቀፍ ጉዞ ይቆጠራል፤ አዘዞ ላይ የደረሰው መዘግየትም ይገባበታል። ለብቻው የተቆረጠ ጎንደር–አዲስ አበባ ግን የአገር ውስጥ ጉዞ ነው፤ ስምምነቱ አይደርስለትም።

ስምምነቱ ዘገየ ተብሎ የተቆረጠ ገንዘብ አይሰጥም። በመዘግየቱ ምክንያት ያወጡትን፣ በደረሰኝ የሚያሳዩትን ኪሳራ ነው የሚሸፍነው፤ ጣሪያውም እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 28 ቀን 2024 ጀምሮ ለአንድ መንገደኛ 6,303 ኤስ.ዲ.አር (የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ) ነው፤ ከ8,000 የአሜሪካ ዶላር ይበልጣል። አየር መንገዱ የሚቻለውን እርምጃ ሁሉ መውሰዱን ካስረዳ፣ ለምሳሌ በጭጋግ ጊዜ፣ አይከፍልም። ክስ የሚቀርበው በ2 ዓመት ውስጥ ነው።

ከአውሮፓ ወደ ጎንደር ለሚመጣው ግን ከዚህ የተሻለ አለ፣ ብዙ ዳያስፖራም አይጠቀምበትም። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ 261/2004 ከኅብረቱ አገሮች ለሚነሳ ማንኛውም አየር መንገድ ይሠራል፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድንም ይጨምራል። በአንድ ቦታ ማስያዣ ፍራንክፈርት–አዲስ አበባ–ጎንደር የያዘ ሰው መድረሻው ጎንደር ነው ተብሎ ይቆጠራል። የአውሮፓ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ከበርሊን በካዛብላንካ በኩል አጋዲር የሄደችን መንገደኛ ጉዳይ ሲወስን፣ መዘግየቱ የደረሰው ከአውሮፓ ውጭ በነበረው ቅያሪ ላይ ቢሆንም ደንቡ ይሠራል ብሏል። ርቀቱ ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ጎንደር 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ ዘግይቶ ለደረሰ ካሳው 600 ዩሮ ነው፤ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ከሆነ በግማሽ ሊቀነስ ይችላል። ቦሌ ላይ የጎንደሩ በረራ አምልጦት በማግስቱ የገባ ሰው እንግዲህ ሙሉውን መጠየቅ ይችላል። ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት፣ እንደ መጥፎ አየር ያለ፣ ካሳውን ያስቀራል፤ ምግብና ማደሪያን ግን አያስቀርም።

በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ፍራንክፈርት፣ ይህ ደንብ የሚሠራው የአውሮፓ ኅብረት አየር መንገድ ከሆነ ብቻ ነው፤ በሉፍታንዛ ከሄዱ ይሠራል፣ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሄዱ አይሠራም። ለአሜሪካ በረራዎች የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ደንብ የሚለው ሌላ ነው፤ ዓለም አቀፍ በረራ 6 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከዘገየና መንገደኛው ላለመሄድ ከመረጠ የቲኬቱ ገንዘብ ይመለስለታል። ሄዶ ከደረሰ ግን ለመዘግየቱ ብቻ የሚከፈል ካሳ የለም።

ሻንጣውን እስከ የት?

አንድ ቲኬት ከሆነ አዘዞ ላይ ሻንጣው ላይ የሚለጠፈውን ታግ ያንብቡ። ባለ 3 ፊደሉ ኮድ የመጨረሻ መድረሻዎ መሆን አለበት፤ የአዲስ አበባው ኤ.ዲ.ዲ ትልቁ ሆኖ ከታየ ሻንጣው ቦሌ ላይ ይወርዳል ማለት ነው፣ እዚያው ያስለውጡ። ከውጭ ወደ ጎንደር ለሚመጡ ደግሞ ሻንጣው እስከ ጎንደር ቢታገም ቦሌ ላይ ለጉምሩክ ማውጣት ይኖርብዎት እንደሆነ ገና ሲነሱ ይጠይቁ።

ጎንደር ከባሕር ጠለል 2,000 ሜትር ገደማ፣ ቦሌ ከ2,300 በላይ ከፍታ ላይ ናቸው። አየሩ ስለሚሳሳ አውሮፕላን የሚያነሳው ክብደት ይቀንሳል፤ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ይበልጥ። ሰው ሞልቶ ክብደት ካለፈ የሚቀረው ሻንጣ ነው፣ በሚቀጥለው በረራ ይከተላል። ስለዚህ መድኃኒት፣ የሕክምናና የቪዛ ሰነድ፣ ቻርጀር፣ አንድ ቅያሪ ልብስ በእጅ ሻንጣ ይሁን፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የኢኮኖሚ መንገደኛ የእጅ ሻንጣ ልክ 7 ኪሎ ነው። በርበሬና ሽሮው ከታች ይጫን። ቅቤ በእጅ ሻንጣ አይያዝ፤ ፍተሻ ላይ እንደ ፈሳሽ ስለሚታይ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ ይወሰዳል፣ ያውም ሰዓት እየሄደብዎት ሳለ ቆመው እየተከራከሩ። ሁለት ጊዜ በላስቲክ ታስሮ፣ ክዳኑ ጠብቆ በሚጫነው ሻንጣ መካከል ቢገባ ይደርሳል።

ሻንጣ ከቀረ ከአዳራሹ ሳይወጡ የጠፋ ሻንጣ ክፍል ሄደው ያስመዝግቡ፣ የመዝገብ ቁጥሩንም ይያዙ። ለተጎዳ ሻንጣ በጽሑፍ የሚያመለክቱት በ7 ቀን ውስጥ፣ ዘግይቶ ለመጣ ደግሞ ሻንጣውን ከተረከቡ በ21 ቀን ውስጥ ነው፤ በሞንትሪያል ስምምነት የካሳው ጣሪያ 1,519 ኤስ.ዲ.አር ነው። እስኪመጣ ድረስ የገዙትን ሳሙናና ልብስ ደረሰኝ ይዘው ያቅርቡ።